የፎቶግራፉ ጀርባ

አባቴ በ2009 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ ለለቅሶው ድንኳን የሚሆን ፎቶግራፍ ቢፈለግ ከቤታችን አልተገኘም። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ጉርድ ፎቶግራፍ ወደ ፎቶ ቤት ተወስዶ እንዲጎላ ተደረገ። ነገር ግን ማኅተሙ ከጉንጩ ላይ አርፎ ነበርና፣ ከሰባ ዓመት በላይ የኖረውን ሰው ፊቱ በሰማያዊ ቀለም ተከፍሎ ተሰናበትነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምነግርዎ ላሳዝንዎ ብዬ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ የሠራሁትን አንድ ሥራና በሥራው ላይ የፈጸምኩትን ስሕተት አይተው እንዲጠነቀቁ ነው።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አክስቴ አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። በውስጡ 11 ፎቶግራፎች፣ ቀለሙ የደረቀ የአባቴ እስክርቢቶ፣ የአንበሳ አውቶቡስ ትኬትና ከእናቴ ነጠላ የተረፈ ጥለት ነበሩበት። ከፎቶግራፎቹ መካከል ልቤን የሳበው አንዱ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ፣ ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶ ይሥቃል። በ1955 ዓ.ም. ግድም የተነሣ ነው አሉኝ። እኔ አባቴን እንደዚያ ሲሥቅ አይቼው አላውቅም።

በአገራችን ፎቶግራፍ መነሣት በመጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነገር ነበር፤ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ይታወቃል። ቆየት ብሎ ግን ፎቶ ቤት ለተራውም ሰው ተከፈተ። በአባቶቻችን ዘመን ብዙው ሰው ኮት ተውሶ፣ ጠጉሩን አበጥሮ ይሄድ ነበር። አንድ ፎቶግራፍ ማለት የተቆጠበ ገንዘብና የታሰበበት ቀን ማለት ነው።

እኔም ለዚህ ክብር የሚገባ ነገር ልሥራ ብዬ፣ ጥልቀቱ ሁለት ጣት የሚሆን የእንጨት ክፈፍ ከነመስተዋቱ አናጢ ዘንድ አሠራሁ። ፎቶግራፉን በእንጨት ኮላ ከኮምፔንሳቶው ላይ አጣበቅሁት፤ እስክርቢቶውን፣ ትኬቱንና ጥለቱን በዙሪያው ደረደርኩና ሰቀልኩት። ኮራሁም። አክስቴ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ጀርባውን አንብበኸዋል?» አሉኝ።

«የምን ጀርባ፣ እትዬ?»

«አባትህ የጓደኞቹን ስም የጻፈበት ነዋ!»

ወዲያው አውርጄ በቢላዋ ጫፍ ላላቅቀው ብሞክር ወረቀቱ ተቀደደ። ከጽሕፈቱ የተረፈችው «ወንድሜ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። አባቴ ደግሞ የሥጋ ወንድም አልነበረውም። «ከእነዚህ አንዱ፣ አባትህ በተስቦ ታሞ ሳለ ሌሊቱን ሁሉ ሲያስታምመው የከረመ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ጠፋኝ» አሉ አክስቴ። እነሆ፣ ለአባቴ ሕይወት ባለ ዕዳ የሆንኩለት ሰው ከፊቴ ቆሟል፤ እኔ ግን ስሙን በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ።

እርስዎም ይህን የመሰለ ማስታወሻ ለመሥራት ቢያስቡ፣ ለተማሪ ኪስም ሆነ ለጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከብድ አይደለም። አስቀድመው ግን እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ገልብጠው ያንብቡ፤ በሁለቱም በኩል ያስቀዱት። ለክፈፉ ቅጂው ይበቃል። ዋናውን በንጹሕ የወረቀት ፖስታ አድርገው እርጥበት ከሌለበት ቦታ ያኑሩት። በኮላ ፈንታ አራት ትንንሽ የወረቀት ኪሶች አጥፈው የፎቶግራፉን ማዕዘኖች በውስጣቸው ያስገቡ። ዕቃዎቹን በአቡጀዴ በተለበጠ ካርቶን ላይ በመርፌና በክር ይስፏቸው፤ ነገ ሊፈቱ ይችላሉና። መስተዋቱ ፎቶግራፉን እንዳይነካው በዳርና በዳር ቀጭን እንጨት ያግቡ፤ በእርጥበት ጊዜ ሁለቱ ከተጣበቁ አይላቀቁም። ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይም አይስቀሉ፤ ይልቁንም ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ቶሎ ይደበዝዛል። በስልክዎ ውስጥ የሚወዱት ሥዕል ካለም ስልኩ ሳይጠፋ ያሳትሙት፤ ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፉበት።

ከሁሉ በላይ ግን ይጠይቁ። ክፈፍ በማናቸውም ጊዜ ይሠራል፤ ፊቱን የሚያውቀው ሽማግሌ ግን አይቆይም። እኔ እሑድ እሑድ አክስቴ ዘንድ እየሄድኩ የቀሩትን ዐሥር ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አስነግሬ ጽፌአለሁ። ሦስቱን ወጣቶችም እንደገና፣ ያለ ኮላ፣ ሰቅያቸዋለሁ። በዕድሜ የገፋ እንግዳ ወደ ቤቴ ሲመጣ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከግድግዳው ሥር አቆመውና፣ «ከእነዚህ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ይኖር ይሆን?» እላለሁ።