ጣና ላይ የተማርነው

ወገኖች ሆይ፥ እኛ የቦረና ሰዎች አባይን የምናውቀው በጥልቅ በረሃው ነው። ባለፈው ሰሞን ግን አራት አገልጋዮች ከመካነ ሰላም ባሕር ዳር ሄደን፥ ከመነሻው ከጣና ላይ በአንድ ወንድም የሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ነፋስ ተነሣ፤ ሞገዱ ውኃ ረጨብን። ዋና የሚችል ከመካከላችን አልነበረም። የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠን ጮኽን።

ማርቆስ ምዕራፍ 4ን ስንሰብክ ደቀ መዛሙርቱን ስንት ጊዜ ወቅሰናል! ልጇ የታመመባትን አንዲት እናት እንኳ፥ አማኝ አይፈራም ብለን ገሥጸናት ነበር። ጌታ ግን የፈሩትን ከታንኳይቱ አላወረዳቸውም፤ አብሯቸው ተሻገረ።

ስንመለስ መጀመሪያ የሄድነው ወደዚያች እናት ቤት ነው። አልመከርናትም፤ ይቅርታ ጠይቀን አብረናት ተቀመጥን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።