ቤት ወደ ዋርድ ሲመጣ

ዘንድሮ ክሊኒካል የምትገቡ ብዙ እንደሆናችሁ ከምትልኩልኝ መልእክት አይቻለሁ። ጥያቄያችሁም ያው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ዋርዱን፣ ጓደኞቼን፣ ቤተሰቤን አንድ ላይ እንዴት ነው የምይዘው?» ጽሑፏ ረዘም ትላለች፤ ቡና ይዛችሁ አንብቧት።

የተለመደውን ምክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰዓትህን ከፋፍል፣ ስልክህን አጥፋ፣ ቅዳሜን ለቤተሰብ ስጥ። ክፉ ምክር አይደለም። ግን ቤቱ ታክሲ ተሳፍሮ ለሚደርስ ልጅ ነው። ከስማዳ፣ ከጋይንት፣ ከእስቴ የወጣ ልጅ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ የሚመለስበት ቤት የለውም። ከወገዳ ተነስቶ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወረታ፣ ከዚያ ወደ ጎንደር ወይ ወደ ባሕር ዳር መታጠፍ ነው። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

ታዲያ እኛ ወደ ቤት ስለማንሄድ ቤት ወደ እኛ ይመጣል። ሪፈር ተጽፎለት።

የጤና ተማሪ ላልሆናችሁ ትንሽ ላስረዳ። የክፍሉ ትምህርት ሲጋመስ ተማሪው ጋዋን ለብሶ ዋርድ ይገባል። ጠዋት ሌሊት የገቡ በሽተኞች የሚነገሩበት ስብሰባ አለ፤ ከዚያ ራውንድ፣ ከሰዓት ተመላላሽ ወይም ሴሚናር፣ በተራ ደግሞ የሌሊት ዱቲ። ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ጽንስ እያለ ይዞራል። አታችመንት የምንለው እሱን ነው። ክፍል ብትቀር ኖት ተውሰህ ትቀዳለህ። የቀረህበትን በሽተኛ ግን ከማንም አትዋሰውም። ቀሪ ከበዛ አታችመንቱ ይደገማል። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና የሚባል ምክንያት ብዙም አይሠራም።

በሌላ በኩል ደግሞ የአገራችን የጤና አደረጃጀት አለ። ሲነደፍ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 እንዲያገለግል ነው። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን። ከታች ያልተቻለው ሁሉ ወደ ላይ ይላካል፤ እናንተ ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትማሩት እዚያ ላይ ነው። የበሽተኛው ሪፈር ወረቀት ላይ የሆስፒታሉ ስም አለ። በአስታማሚው ኪስ ውስጥ ግን ሌላ ብጣሽ ወረቀት አለች፤ የእናንተ ስልክ ቁጥር ያለባት።

«ዶክተር! እንዴት ከረምህ? ደርሰናል፣ በሩ ላይ ነን።»

ገና ሦስተኛ ዓመት የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ እኮ! ግን ምን ይባላል? ከዚያ ካርድ ክፍል ማድረስ፣ ላብራቶሪውን ማሳየት፣ ሐኪሙ ያለውን በአገርኛ ማስረዳት፣ ማደሪያ መፈለግ፣ ከካፌ ዳቦ መደበቅ ነው። ይህ ሁሉ በራውንድና በራውንድ መሃል።

አንዴ አያ የምንላቸው የአባቴ የአጎት ልጅ ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። እንቅርቱ አድጎ መዋጥ አስቸግሯቸዋል። ተመላላሹ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። አያ ሰልፉን አዩና እኔን አዩኝ።

«አንተ እያለህ እኔ ተራ ልጠብቅ?»

«አያ፣ ከፊትዎ ያሉት እናት ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚሁ ነው ያደሩት። ከጎንዎ እቆማለሁ እንጂ እሳቸውን አላስነሣም» አልኩ።

ዝም አሉ። በየእረፍቱ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ሻይም አመጣሁ፣ ውጤትም ተቀበልኩ። በሦስተኛው ቀን ጉዳያቸው አለቀ። አገር ቤት ሲመለሱ ግን ማኅበር ላይ «ተማረ ተባለ እንጂ ምን ጠቀመን?» ብለው አረፉት። እናቴ እዚያው ነበረች። «ልጄን ሐኪም እንዲሆን ነው የላክሁት፣ በር ከፋች እንዲሆን አይደለም» አለቻቸው። ይህን በስልክ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። አያ ግን ዓመት ሙሉ አኮረፉኝ።

ድንገተኛ ታማሚ ሲሆን ቅድሚያ የሚሰጠው በሕመሙ ክብደት ነው፤ ያንን የሚለየው ባለሙያው ነው። ከዚያ ውጭ ለዘመዳችሁ እግራችሁን ስጡ፣ ምላሳችሁን ስጡ፣ ዳቦአችሁን ስጡ። የሌላውን ሰው ተራ ግን መስጠት አትችሉም፤ የእናንተ አይደለምና።

ለቤተሰብ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሳይነሡ በፊት ይደውሉ። ጤና ጣቢያውን ዘለው አይምጡ። ሪፈር ወረቀቱንና የጤና መድህን ደብተሩን ይያዙ፤ ያለ ሪፈር ከመጡ ከኪስ መክፈል ይመጣል። ደም መለገስ የሚችል ጎልማሳም አብሮ ይምጣ። ይህቺን የአምስት ደቂቃ ስልክ በመስከረም የደወለ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ያርፋል።

ሰዓት የሚቆጥሩ አገሮች አሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሬዚደንት ሐኪም ሥራ በአማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ገደብ አውጥታለች። የእኛ ልጅ ሁለተኛ ዱቲ ግን ሎግ ቡክ ላይ የለም። ማንም አይፈርምለትም። የሚሸፍነው ጓደኛ ብቻ ነው።

የእኔን እነዚህ ጓደኞች ናቸው ያወጡኝ። ኦፕሬሽን ክፍል ገብቼ ስልክ ሳላነሣ ስቀር በሩ ላይ ሄዳ ዘመዶቼን የምትቀበል የነርሲንግ ተማሪ ነበረች፤ ከአርብ ገበያ ናት። ለማያውቃት የሰው አክስት ደም የሰጠ የላብራቶሪ ተማሪ ነበር። በየ3 ወሩ መስጠት ይቻላል ብሎ ቀን ይቆጥር ነበር፣ እንደ ልደት! በነገራችን ላይ ይህ ነገር በጎንደር አዲስ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒታሪያኑን ነበር አብሮ የሚያሠለጥነው። የተለያየ ሙያ ተማሪዎች ባንድ ቡድን ሆነው ገጠር ከተማ ወርደው አብረው እየኖሩ የሚሠሩበት ሥልጠናም የሚታወቅበት ነው። በቡድን መሥራት የሚባለው ትምህርት ለእኔ የገባኝ ግን በሆስፒታሉ በር ላይ ነው።

ከባዱ ስልክ በሽተኛ ይዞ የሚመጣው አይደለም። ለጓደኛ የሚደወለው ነው።

ቀዶ ሕክምና አታችመንት ላይ ነበርን። እሑድ ማታ የአንዱ የዶርም ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ከእስቴ ደወለልኝ። ለሱ ሳይሆን ለእኔ። «አባታችን ዐርፈዋል። ሐሙስ ፈተና አለበት አሉ። ከፈተናው በፊት እንዳይሰማ፣ አደራ።»

ያቺን አደራ አምስት ሆነን አራት ቀን ተሸከምናት። ከአገር ቤት ሰው እንዳይደውልለት ስልኩን ቻርጅ እናድርግልህ እያልን እንወስዳለን። ማታ ማታ እሱ ጥያቄ ይጠይቀናል፣ እኛ መልሱ ይጠፋናል። «ምን ሆናችኋል? ፈተናው ነው?» ይለናል።

የሚገርመው፣ በዚያው ሳምንት ዋርድ ላይ የምንማረው ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ነበር። ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። ተቀመጡ። ምን እንደሚያውቅ ጠይቁ። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግም ጠይቁ። ከዚያ በግልጽ ቃል ንገሩና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። እኛም ደብተራችን ላይ ጻፍን። እሱም ከጎናችን ተቀምጦ ጻፈ።

ሐሙስ ተፈተነ። ዓርብ ንጋት ላይ ሁለት አጎቶቹ ጋቢ ለብሰው መጡ፤ አብረን ገባን። ማንም ሳይናገር አወቀ። አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ሲመለስ «መቼ?» አለ። «እሑድ።» «ሰኞ ዕለት እኮ ስስቅ ነበር» አለ።

አላኮረፈንም። ቢነገረውም ለቀብር እንደማይደርስ ያውቃል። ከተዝካሩ መልስ ግን እንዲህ አለን፦ «ጥሩ አደረጋችሁም አላደረጋችሁምም አልልም። ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ጠይቆኝ ቢሆን።»

በወንድሙ አልፈርድም። ለአገራችን ሰው መርዶ መደበቅ ጭካኔ አይደለም፤ ልጁን ከነሸክሙ መሸከም ነው። አባቱም በሕይወት ቢኖሩ «ፈተናውን ይጨርስ» ይሉ ነበር ይሆናል። ግን በሽተኛን «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ የሚማር ልጅ፣ እሱም ራሱ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ያን ሰሞን ስድስታችን ዶርም ውስጥ ተቀምጠን ተነጋገርን። አንዱ «ኦፕሬሽን ክፍል ብሆንም ጥሩኝ» አለ። አንዱ «ከፈተና በኋላ ይሁንልኝ፣ አልችልም» አለ። ሌላው «እናቴ ከሆነች ወዲያው፣ ሌላ ከሆነ ይቆየኝ» አለ። ከዚያ ለየቤታችን ደወልን። የእናቴን መልስ ብታዩ! «ምነው ልጄ፣ ምን አሟረትህ? እግዜር ይቅር ይበልህ!» ብላ ዘጋችው። ማታ ራሷ መልሳ ደወለች። «እሺ። እነግርሃለሁ» አለች።

ነገረችኝም። በመጨረሻው ዓመት አያቴ ሲወድቁ በዚያው ዕለት ደወለች። ሌሊት ዱቲ ነበረኝ። ተቆጣጣሪዬን አስፈቅጄ ተነሣሁ፤ አያቴን በሕይወት ደረስኩባቸው፣ እጄን ይዘው መረቁኝ። የዚያን ሌሊት ዱቲ የያዘልኝ ያ የእስቴው ልጅ ነው። አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «ሂድ» ብቻ ነው ያለኝ።

እና ልጆቼ፣ ሚዛን ሚዛን ስትሉኝ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ዋርድ፣ ቤት፣ ጓደኛ እኩል አይከፈሉም። በአንድ ሳምንት አንዱ ሁሉንም ይወስዳል። የሚያድነው አስቀድሞ መነጋገር ነው። ቤተሰብ የአታችመንታችሁን ቀን ይወቅ። ጓደኞቻችሁ የቤታችሁን ስልክ ይያዙ። መርዶ እንዴት እንዲነገራችሁ እንደምትፈልጉ ደህና ቀን ላይ ተናገሩ። የጓደኛችሁን ዱቲ ስትይዙም አትቁጠሩ፤ የእናንተም ቀን ይመጣል።

ይህን የምታነቡ ወላጆችም አላችሁ። ወንዱ ለእረፍት ሲመጣ «ደክሞት ነው የመጣው» ብላችሁ ታስተኙታላችሁ። ሴቷ ግን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጓዳ ትገባለች። እሷም እኮ ዱቲ አድራ ነው የመጣችው። እባካችሁ አስተኟት።

የእናንተንም ታሪክ ከታች ጻፉልን፤ ዘንድሮ የሚገቡት ያነቡታል። ከወገዳ በኩል የሚመጣ በሽተኛ ኖሮ ልጃችሁ ፈተና ላይ ከሆነ ደግሞ ለእኔ ደውሉ። ተራ አላስቀድምም፤ በሩ ድረስ ግን እኔ እወጣለሁ።