ለሌለ ዓሣ የታሰረ ላባ

ዛሬ ከፖለቲካው ፈቀቅ ብዬ ስለ ዓሣ ላውጋችሁ። ፈቀቅ ማለቴ እውነት መሆን አለመሆኑን ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ ፍረዱ።

ሰበታ ባለው ቤቴ ማታ ማታ፣ መብራት ካልጠፋ፣ መንጠቆ ላይ ላባ አስራለሁ። በዚህ የአጠማመድ ስልት ማጥመጃው «ዝንብ» ይባላል፤ የእኔው ግን ከዝንብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ስትሪመር የሚሉት ዓይነት ነው፤ የመሀል ጣቴን የሚያህል፣ ውኃ ውስጥ ሲጎተት እንደ ትንሽ ዓሣ የሚዋኝ፣ ሌላውን ዓሣ አሳድዶ የሚበላውን ዓሣ ለማታለል የሚሠራ። መንጠቆውን ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ይልክልኛል። የቀረው ሁሉ የሰፈር ነው። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ በፋሲካ ማግሥት ከየጎረቤቱ እለቅማለሁ፤ ለጅራቱ የፍየል ጠጉር አለ፤ ክሩን የማሸው በጧፍ ቁራጭ ነው። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ያረጀ ጭራቸውን ሰጥተውኝ፣ «የዝንብ ማባረሪያውን ዝንብ ልትሠራበት ነው?» ብለው እስኪያስላቸው ስቀዋል።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ክሩን በመንጠቆው ዘንግ ላይ አጥብቆ መጠምጠም፣ ጠጉሩን ከዘንጉ ጫፍ ማሰር፣ ሁለት ላባ ግራና ቀኝ ማቆም፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ላይ ጠጉር አብዝቶ በመቀስ መከርከም። ውኃውን እየገፋ ላባውን የሚያወዛውዘው ይህ የተከረከመ ጭንቅላት ነው። ጠጉር ከልክ ሲያልፍ ግን ውኃ ይጠጣና ለመወርወር ይከብዳል። ትልቅ መስሎ ቀላል መሆን አለበት። (ይህ ጠባይ ያላቸው ሹማምንት አላጣንም፤ ልለፈው።)

የትልቅነቱን ልክ የሚወስነው ደግሞ የበላተኛው ጉሮሮ ነው። በባሮ ወንዝም በጫሞ ሐይቅም ያለው ናይል ፐርች አፈ ሰፊ ስለሆነ የመዳፍ ርዝመት ያለው ማጥመጃ አይከብደውም። የጣና ነጭ ዓሣ ግን ሌላ ነው። በሐይቁ 15 ዝርያዎች ያሉት ሲሆን 8ቱ ዓሣ አሳዳጆች ናቸው፤ ይሁንና መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የለም። ጥርሳቸው ያለው ከጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ነክሶ መያዝ፣ ቆርጦ መዋጥ የለም፤ የያዙትን እንዳለ መዋጥ አለባቸው። የአዋሹ ዘመዳቸውም እንደዚያው ጥርስ አልባ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያሰርኋቸውን ግዙፍ ስትሪመሮች ሁሉ ሊነካልኝ ያልፈለገው ለዚህ መሆኑን ዘግይቼ ተረዳሁ። አሁን የማስመስለው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን ትንሽ ዓሣ ነው። ተመራማሪዎች በላቲን «ጋራ» ይሉታል፤ ለአንድ ጣት ለማይሞላ ፍጡር የተራራ ስም መሰጠቱ ያስቀኛል።

እንግዲህ ማጥመጃው አለ፤ ወንዝስ? በዙሪያችን ወንዝ ሞልቷል። ከእንጦጦ ወዲያ ሱሉልታ ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ሙገር ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከእንጦጦ ወዲህ ቡራዩ ላይ የዘነበው በትንሹ አቃቂ አድርጎ አባ ሳሙኤል ይደርሳል፤ የሰበታው ደግሞ አዋሽ ይገባል። ከዚህም በላይ አገሪቱ የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ብሔራዊ ምርምር ማዕከሏን ያቋቋመችው እዚሁ ሰበታ ነው። በማዕከሉ ኩሬዎች ዓሣ ይራባል። በከተማው ወንዝ ውስጥስ?

አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ከአንድ ፋብሪካ በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ቆሜ ሞከርሁ። አዛውንቱ ጎረቤቴ በወጣትነታቸው በእጃቸው ዓሣ ያወጡበት ቦታ ነው። ሦስተኛውን ውርወራ አልጨረስሁም። ነጭ ላባዬ ግራጫ ሆኖ፣ የላስቲክ ቅዳጅ ተጠምጥሞበት ተመለሰ። ቤት ገብቼ በሳሙና ባጥበውም ሽታው አልለቀቀም። አሳዳጅ ዓሣ የሚኖረው የሚሳደድ ትንሽ ዓሣ ሲኖር ነው፤ ትንሹም የሚኖረው ድንጋዩ ላይ የሚልሰው ነገር ሲበቅል ነው። እዚያ ድንጋዩ ራሱ ጥቁር ዝቃጭ ለብሷል።

ሕግ አልጠፋም። በ1995 ዓ.ም. ብቻ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 እና የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315 ታውጀዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ሲቲ ተብለው ተጠቃለሉ። ስለ ስሙ፣ ስለ ወሰኑ፣ ስለ ቤት ፈረሳው ያልተከራከረ የለም፤ ይህ ጸሐፊም ድርሻውን ተከራክሯል። ስለ ወንዞቹ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሁም ነበር። ለካ እኔም ቀለም ያጨረስሁት በካርታው ላይ እንጂ በውኃው ላይ አልነበረም።

ባለፈው ወር መልካ ቁንጡሬ ወርጄ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት የአዋሽ ዳርቻ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጭራው ፈረስ ጠጉር የሠራሁትን ጥቁር ስትሪመር ወደ ጥልቁ ወረወርሁ። አምባዛ በድፍርስ ውኃ ውስጥ የሚያድነው በዓይኑ ሳይሆን በጢሙና በሽታ ስለሆነ ቀስ አድርጌ ሳብሁት። ያዘ። ክንዴ እስኪዝል ታግሎ ወጣ፤ መንጠቆውን አላቅቄ መልሼ ለቀቅሁት።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ከየት ነው የመጡት?»

«ከሰበታ።»

«እዚያ ወንዝ የለም እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ እዚህ ድረስ ምን አለፋዎት?»

ጥቁሩን ላባ ጨምቄ ውኃውን አወጣሁና ወደ ሳጥኑ መለስሁት። ልጁ መልስ እየጠበቀ ነበር።