ቲቸር፣ ማሽኑ ዜሮ የሚለው ምኑን ነው?

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ መጋዝ ነው። አዎ፣ ስለ እንጨት መጋዝ። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ይቅርታ አለበትና ታግሳችሁ አንብቡኝ።

እንደምታውቁት ንፋስ መውጫ ላይ በባሕር ዛፍና በጭቃ የሠራናት ቤት አለችን። ዘንድሮ እንደምንም ግድግዳዋ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ወለሏ ሊሾ ሆነ፣ ኮርኒሷም ተመታ። የቀረው ጠርዝ ጠርዙ ነው። ከግድግዳው ሥር የሚዞረው ዞኮሎ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ሲገናኙ የሚመታው ሊስቴሎ፣ በበሮቹ መቃን ዙሪያ የሚገባው ማስዋቢያ እንጨት። "ይቺማ ትንሽ ሥራ ናት" አልኩ። የተጠራልኝ የእጅ ዋጋ ግን ትንሽ አልነበረም።

"ለሰው ከምከፍል ማሽኑን ገዝቼ ራሴ ብሠራው ማሽኑም ይቀርልናል" አልኳት ለባለቤቴ።

"አንተ የሒሳብ አስተማሪ ነህ፤ አናጢ የሆንከው መቼ ነው?"

"አናጢነት ማለት'ኮ ማዕዘን ነው። ማዕዘን ደግሞ የኔ ነው።"

ይቺን ንግግሬን ያዙልኝ።

እሷ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። "ያ ተማሪህ የነበረውን ልጅ ለምን አትጠይቀውም? ወርክሾፑ'ኮ እዚሁ ነው" አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ። ያልሰማሁበትን ምክንያት በኋላ እነግራችኋለሁ።

መንገድ ሰላም በሆነ አንድ ሳምንት ባሕር ዳር ወረድኩ። የምፈልገው በማዕዘን የሚቆርጠውን የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው፤ ሻጮቹ ማይተር ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ እጀታውን ይዘህ ወደ ታች ትጫነዋለህ፣ ሥሩ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዞረ የፈለግኸውን ዲግሪ ይሰጥሃል። የመጀመሪያው ሻጭ ያሳየኝ ግን የብረት መቁረጫውን ነበር። ለማያውቅ ሰው ሁለቱ ወንድማማች ይመስላሉ። የብረቱ ጥርስ የሌለው፣ እየተፋጨ የሚያልቅ ትልቅ ዲስክ ነው የሚገጠምለት። የእንጨቱ ባለጥርስ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛው ሱቅ ሦስት ዓይነት ደርድሮ አሳየኝ። ባለ 10 ኢንች (254 ሚሊ ሜትር) ዲስክ፣ ባለ 12 ኢንች (305 ሚሊ ሜትር)፣ እና ጭንቅላቱ በሐዲድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት። የመጨረሻው ሰፊ ጣውላ ይቆርጣል፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር። ዋጋውም እንደ ስፋቱ ነው! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ሰው ሲያየው ደስ ይላል። ግን እግዜር ይስጣት፣ ባለቤቴ ከመሄዴ በፊት "እንጨቶቹን ለክተህ ሂድ" ብላኝ ነበርና ወረቀቴን አወጣሁ። ዞኮሎው 8 ሳንቲ ሜትር፣ የበሩ ማስዋቢያ 8፣ ሊስቴሎው 4። የማይንሸራተተው ባለ 10 ኢንች ቀጥ ብሎ ሲቆርጥ እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ ወደ 9። ይበቃኛል! እሱን ገዛሁ። ይበቃኛል ባልኩት ላይ እንኳ ከሦስት ወር ደመወዜ ያላነሰ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። ልጆቼ ሰጋቱራው ሲበተን እያዩ ይስቃሉ። የሳሎኑ የመጀመሪያ ማዕዘን ላይ ሁለት ዞኮሎ በ45፣ 45 ቆርጬ አገናኘሁ። ከፊት ለፊቱ ክፍት ሆነ። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠርኩ። ቆየት ብሎ ግን ገባኝ፦ ማሽኑ 90 ዲግሪ ሠርቶልኛል፣ ቤቴ ግን 90 ዲግሪ አይደለችም። የጭቃ ግድግዳ ነው'ኮ፣ ሲለሰን አንዱ ጋ ወፈረ፣ አንዱ ጋ ሳሳ። አያቶቻችን ክብ ጎጆ ሠርተው ከዚህ ጣጣ ተገላግለው ነበር፤ ማዕዘን የለ፣ ክርክር የለ።

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ መጣ። ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ለካሁና ምልክት አደረግኩ። ማዕዘኑ ልክ 90 ቢሆን በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 100 ይሆን ነበር፤ ያው የፓይታጎረስ ነገር። ሜትሬን ዘረጋሁ፣ 104! በኮሳይን ሕግ አሰላሁት፣ 94.9 ዲግሪ። ግማሹ 47.4። ኩራቴን ብታዩት! "ይኸውና፣ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል ትላላችሁ" እያልኩ ማሽኑን 47.4 ላይ አሰርኩና ቆረጥኩ።

ክፍተቱ ባሰ። በ45 ስቆርጥ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ የነበረው አሁን አራት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ደግሜ አሰላሁ፣ ያው ነው። ደግሜ ቆረጥኩ፣ ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ሆነ፣ እንጨቱ እያለቀ ነው፣ ልጆቹም መሳቅ ትተዋል። ባለቤቴ አንድም ቃል ሳትናገር ስልኳን አነሳችና ደወለች። ማን ጋ እንደደወለች አልጠየቅኳትም። አውቄዋለሁ።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ2008 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ ነበረኝ። ከኋላ ይቀመጣል፣ ዝምተኛ ነው፣ ከገጠር ሁለት ሰዓት እየተጓዘ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ማዕዘን ለሁለት ስለ መክፈል ሳስተምር ወደ ሰሌዳው አወጣሁት። ጠመኔውን ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔም "ተቀመጥ፣ አንተ ወንበር ለማሞቅ ነው የተፈጠርከው" አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በዓመቱ መጨረሻ ለመሰናዶ ነጥብ አልመጣለትም፤ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የእንጨት ሥራ ተማረ። ወርክሾፕ ከከፈተ በኋላ በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ስልኬን እያየሁ ነበር የማልፈው። ማሽን ለመምረጥ እሱን መጠየቅ ትቼ ባሕር ዳር ድረስ የወረድኩትም ለዚሁ ነው።

መጣ። ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሲል ባለቤቴ ከለከለችው። "ቲቸር እንደምን ዋሉ" ብሎ ቁራጮቹን አንስቶ አገላበጠ። ወረቀቴንም አየው። ስሌቴን አየና "ልክ ነው" አለ። ቀጥሎ ማሽኑ ጋ ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ።

"ቲቸር፣ ማሽኑ ዜሮ የሚለው ምኑን ነው?"

ዝም አልኩ። ማሽኑ ዜሮ ላይ ሲሆን እንጨቱን ቀጥ አድርጎ፣ በ90 ዲግሪ ነው የሚቆርጠው። ቁጥሩን የሚቆጥረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ስለዚህ 47.4ን ከ90 መቀነስ ነበረብኝ፣ 42.6። 90 ዲግሪ ለሆነ ማዕዘን ግማሹም 45፣ ከ90 ሲቀነስም 45 ስለሆነ ስህተቱ አይታወቅም። ማዕዘኑ የተዛነፈ ቀን ነው የሚያጋልጥህ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄጄ ክፍተቱን እጥፍ አድርጌዋለሁ።

42.6 ላይ አሰረው። ቆረጠ። ገጠመ።

በእኛ አገር ድጓ ሌላ ቦታ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም መጥቶ ካላስመሰከረ ሙሉ መምህር አይባልም። እኔም ማዕዘንን በወረቀት ተምሬ፣ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ ስንት ዓመት አስተምሬ፣ ያስመሰከርኩት ያን ቀን ሳሎኔ ጥግ ተንበርክኬ ነው። መስካሪው ደግሞ ከሰሌዳ ያባረርኩት ልጅ።

እስኪመሽ አብረን ሠራን። ለናንተም ይጠቅማችኋልና ያስተማረኝን ላካፍላችሁ።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ዲስክ 24 ጥርስ ነበር። እሱ ለሻካራ ሥራ ነው፤ ጠርዙን ይቦጫጭቀዋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ 60 ወይም 80 ጥርስ ያለው ግዙ።

ማሽኑን ሳታምኑ ፈትሹት። አንድ ጣውላ በዜሮ ቁረጡ፣ አንደኛውን ቁራጭ ገልብጡና መልሳችሁ አገናኙት። ክፍተት ካለ ማሽኑ ተዛንፏል፤ የምታዩትም የስህተቱን እጥፍ ነው።

1800 ዋት ማሽን በ220 ቮልት 8 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ። ቀጭን ማራዘሚያ ይሞቅባችኋል። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም አትቁረጡ፣ ጠዋት ሥሩ።

የአንድ ክፍል ሥራ ብቻ ከሆነ ማሽን አትግዙ። በ45 ዲግሪ የተሰነጠቀ የእንጨት ሳጥንና ጥሩ የእጅ መጋዝ ይበቃል። ይሄንን ሲነግረኝ ባለቤቴ ወደኔ አላየችም፣ አመሰግናታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በእግዚአብሔር ስም! ግራይንደር ላይ የእንጨት ባለጥርስ ዲስክ ገጥማችሁ የምትሠሩ ተማሪዎቼ አላችሁ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ማይተሩ 5,000 ገደማ ነው። ጥርሱ እንጨት ውስጥ ሲነክስ ከእጃችሁ መንጭቆ ወደናንተው ይመልሰዋል። ጣት አይበቅልም። ማይተሩንም ቢሆን ዲስኩ ዞሮ እስኪቆም እጃችሁን ወደ እንጨቱ አትስደዱ፤ መከላከያውንም አትፍቱት።

ሥራው ሲያልቅ ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ላይ "ያኔ ክፍል ውስጥ ያልኩህን ታስታውሳለህ?" አልኩት።

"አስታውሳለሁ ቲቸር" አለ።

"ምን ችግር አለው" አላለኝም። "ለጥሩ ነው" አላለኝም። ሲኒውን እያየ ትንሽ ቆየና "አሁን ወንበር እሠራለሁ" አለ፣ ፈገግ ብሎ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ገንዘብም ሰጠሁት፣ ግማሹን መልሶልኝ ሄደ።

ይሄን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። ያን ቀን የተሳቀው በአርባ ምናምን ልጆች ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት ቢሆን ብዬ ነው። በዚያ ክፍል የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁም እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ያው ነው፣ ይቅርታ።

ሰኞ እነዚያን ያበላሸኋቸውን ሁለት ቁራጮች ይዤ 9ኛ ክፍል እገባለሁ። "ማሽኑ ዜሮ የሚለው ምኑን ነው?" ብዬ ልጠይቅ ነው፤ ከኋላ ወንበር ጀምሬ። የማይመልስ ቢኖር አብረን እንለካለን።

ረዘመባችሁ መሰለኝ። መልካም ሰንበት!