አንድ ትሪ ለስንት ሰው?

ሰው ምሳ ሊበላ ሲወጣ የሚመርጠው ምግብ ይመስለዋል። እኔ ግን እህል በረንዳ አቅራቢያ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ስቆጥር በኖርኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት ሌላ ነው። ሰው አስቀድሞ የሚመርጠው አብሮት የሚበላውን ነው፤ ቀጥሎ ቤቱን ይመርጣል፤ የምግቡ ነገር የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወዳጆቼ «ከቤተሰብ ጋር የት ብንበላ ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁኝ የማስበውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ስለ ቦሌ ምግብ ቤቶች የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ማስታወቂያ ስለሌላቸው፣ ብዙዎቹም በራቸው ላይ ስም እንኳ ስላልጻፉ ቤቶች ነው።

እህል በረንዳ የአዲስ አበባ ጎተራ ነው። ከጎጃምና ከሸዋ ጤፍ፣ ከአርሲና ከባሌ ስንዴ የጫኑ መኪናዎች እዚህ ያራግፋሉ። ማኛው፣ ነጩ፣ ሰርገኛው በየጆንያው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ገዢው እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ያፈሳል፤ እፍ ብሎ ገለባውን ያበራል፤ ያያል፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። የእህሉ ባለቤት ብዙ ጊዜ በቦታው የለም። ሩቅ አገር ተቀምጦ፣ ደላላውን አምኖ ልኮታል። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው የኢትዮጵያ የእህል ገበያ ጥናታቸው የደላሎችን ሚናና በነጋዴው መካከል ያለውን መተማመን በስፋት መርምረዋል። በእርሳቸው መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም እ.ኤ.አ. በ2008 ግብይት ጀምሯል። እህል በረንዳ ግን ዛሬም መዳፍ ላይ በፈሰሰች እፍኝ ጤፍ ይስማማል።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሰፈር የሚበላውም የሚሸጠውም በአንድ ደንብ ነው፤ መተማመን ከሌለ ሁለቱም አይቻሉም።

እንደሚተረከው ከሆነ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ በገንዘብ እየገዙ መብላቱን ነውር ቆጥረውት ነበር። ሰው በቤቱ ይበላል፤ አልያም ይጋበዛል፤ እንጀራ እንዴት ይሸጣል? ንጉሡ ራሳቸው እየጋበዙና እየከፈሉ ነበር አሉ ያስለመዷቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረበት ጊዜ የከተማዪቱን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደዚህ ወደ ምዕራቡ አዛወረው። አዲስ ከተማና መርካቶ የሚሉትን ስሞችም ከዚያ ዘመን ወረስናቸው። ገበያው ሲሰፋ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ፣ ተሸካሚና ሾፌር እየበዛ ሄደ። ቤቱ ሩቅ የሆነ ሰው ደግሞ የሰው ቤት ያሻዋል። የእህል በረንዳ ምግብ ቤቶች እስካሁንም የሰው ቤት ጠረን አልለቀቃቸውም፤ ባለቤቶቻቸውም የሚጠሩት «እትዬ» ወይም «እማማ» እየተባሉ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የማስቀድመው ሽሮ ቤቱን ነው። አግዳሚ ወንበር፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን… ሌላ ጌጥ አትፈልጉበት። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ ቃሪያው ከጎን ይቀመጣል፤ እንጀራው የዚያው ሰፈር ጤፍ ነው። ሽሮ ቤቱን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በመርካቶ የአንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በንግድ ተጣምረው ይውላሉ፤ ሥጋ ሲሆን ግን ሁለቱም ወደየራሳቸው ሥጋ ቤት ይለያያሉ። ሽሮው ላይ መለያየት የለም። ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ ሲቀርብ ሁለቱ ሽርካዎች እጃቸውን በአንድ ትሪ ላይ ሲዘረጉ አያለሁ። ጾሙ የአንደኛው ሆኖ ሳለ ማዕዱ የሁለቱም ይሆናል።

ሁለተኛው ሥጋ ቤቱ ነው። ከወዳጆች ጋር ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይሻላል። ሥጋ ቆራጩን «አንተ የምታውቀውን ስጠን» ካላችሁት ያከበራችሁት ያህል ስለሚሰማው አያሳፍራችሁም። ጥብሱ ከአዋዜ ጋር፣ ጥሬው ከሚጥሚጣ ጋር ይቀርባል። ሦስተኛው ግሮሰሪው ነው። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ግሮሰሪ ሲባል ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጥበት እየመሰለው ይደነቃል፤ እኛ ግን ቃሉን ወስደን ቢራ አስቀድተንበታል። የእህል በረንዳ ግሮሰሪዎች ምሽት ላይ የቀኑ ገበያ የሚመዘንባቸው ሸንጎዎች ናቸው። ጤፍ ለምን እንደተወደደ ከዚያ በተሻለ የሚያብራራ ጉባኤ አላየሁም።

ቤተሰብ ይዞ መሄድን በተመለከተ፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ነገሩን ስትሰማ «ልጅ ይዞ እህል በረንዳ ምሳ?» ብላ ነበር። ልክ ነበረች፤ ግፊያው፣ አቧራው፣ «ዞር በሉ!» እያለ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጠው ሰው ለሕፃን አይመችም። ስለዚህ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሂዱ። በዚያን ሰዓት ተሸካሚው በልቶ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ቤቱም ይተነፍሳል። ያን ዕለት ስንገባ ዱቄት ጠጉሩን ያነጣው አንድ ወጣት ከአግዳሚው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠንና ወደ ራሱ ሳህን እያመለከተ «እንብላ» አለን። እትዬ ደግሞ እጃቸውን ታጥበው ለስድስት ዓመቷ ልጄ አንድ ጉርሻ አጎረሷት። ልጄ ጎርሳ ዝም አለች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ታክሲ ውስጥ «እትዬ ምናችን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘመዳችን እንዳይደሉ ልነግራት አልቸኮልኩም።

አሁን ወደ ከበደኝ ጉዳይ ልምጣ።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አምስት ሆነን በአንድ ትሪ መብላት ከጀመርን ቆይተናል። ሒሳብ ሲመጣ የነበረው ትግል ለተመልካች ጠብ ይመስል ነበር። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ «በሞቴ!» ይባላል፤ ቀድሞ የከፈለ ያሸንፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ግን ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ጀመር፤ በምግብ ዝርዝሩ ላይ አዲስ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት በአሮጌው ላይ ይለጠፋል። «በሞቴ» የሚለው ድምፅም ቀስ በቀስ ለዘብ አለ። ሁላችንም ኪሳችን ስንገባ እጃችን ይዘገይ ጀመር።

ከአምስታችን አንዱ፣ አራት ልጆች የሚያሳድገው፣ አንድ ሐሙስ «ዛሬ ጾም ነኝ» ብሎ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ቀረ። ጾም አልገባም ነበር። ማክሰኞም እንዲሁ አለ። ማንም ምንም አልጠየቀውም። እንዲህ ያለ ጾም ሲጠየቅ እንደሚያሳፍር ሁላችንም እናውቃለን። አራት ሆነን በላን፤ ትሪው ያው ትሪ ሆኖ ሳለ እንጀራው ተረፈ። እትዬ ትሪውን ሲያነሡ የተረፈውን አዩና «ሰውዬው የት አለ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

መፍትሔውን ያመጡት በዕድሜ የሚበልጡን ዋና ገንዘብ ከፋያችን ናቸው። ደመወዝ በገባ ማግስት አንድ ባዶ ፖስታ አዞሩ። እያንዳንዱ ለብቻው ሆኖ የቻለውን ይከትበታል፤ ማን ስንት እንዳስገባ ማንም አያይም። ፖስታው ታሽጎ ለእትዬ ይሰጣል፤ እርሳቸው በደብተራቸው እየቀነሱ ወሩን ሙሉ ያበሉናል። ጾመኛው ወዳጃችንም ፖስታው ሲደርሰው እንደ ሌላው ሁሉ ዞር ብሎ አሽጎ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ከረቡዕና ከዓርብ ውጪ ጾም ገብቶበት አያውቅም። አንዳንድ ወር ደብተሩ ቀድሞ ያልቃል፤ እትዬ ግን «ገና አለ» ይላሉ። የባንክ ሰው ነኝና ሒሳቡ እንደማይገጥም አውቃለሁ። ሌላውን ሒሳብ ሁሉ ማታ ማታ እስከ ሳንቲሙ አመሳክሬ ካልዘጋሁ ወደ ቤቴ አልሄድም፤ ይህን አንዱን ግን እንዳይገጥም ትቼዋለሁ። ሩቅ ያለ ገበሬ እህሉን ለደላላ አምኖ የሚልከው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በዚህ ፖስታ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስንት የምሳ ጓደኝነት አብሮ እንደተበተነ የሚቆጥር አልነበረም። መርካቶም ፎቅ በፎቅ እየሆነ ነው። እኔ ጭሱ፣ ጭቃውና የጠበበው መጸዳጃ ይኑር አልልም፤ እትዬም ቢሆኑ የተሻለ ወጥ ቤት ይገባቸዋል። የምለው ሌላ ነው፤ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ተሸካሚው ጆንያውን አውርዶ ሳይፈራ የሚገባበት፣ አምስት ሰው በአንድ ትሪ የሚቀመጥበት ክፍል ይኑር። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ አባቶች። ብቻውን የሚበላ ሁሉ ግን ወድዶ አይደለም፤ አንዳንዱ ዋጋው ገፍቶት፣ አንዳንዱም አፍሮ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እህል በረንዳ ብቅ ብትል ከወፍጮ ቤቶቹ ጀርባ ባሉት መንገዶች ዝለቅ። የሽሮ ሽታ ይመራሃል። ብቻህን ግን አትምጣ፤ ሰሞኑን ጾም ያበዛ ወዳጅ ካለህ እርሱን ይዘህ ና።

ገንዘብ ሲቆጠር ነው፣ ሚዛኑ የሚያምረው፤
ጉርሻ ሲቆጠር ነው፣ ማዕዱ የሚመረው።
እጅ ቢበዛ እንኳ፣ ትሪው መች ይጠባል፤
ልብ ከሰፋማ፣ ጠባብም ያስገባል።