ስለ ትንሿ ካሜራና ስለ የኔታ

ፊደል ያስቈጠሩን፥ ዳዊትም ያስደገሙን የኔታ ዛሬ ወደ ዘጠና ዓመት ተጠግተዋል። በልደታ የነበረው የጭቃ ቤታቸው ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሶ፥ አሁን በኮንዶሚኒየም ምድር ቤት በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖራሉ። በመስኮቷ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ነው፤ እርሳቸው ግን ዳዊቱን በቃላቸው ስለሚያውቁት የብርሃን ማነስ አይቸግራቸውም። የቸገረው ፎቶግራፋቸውን ለማንሣት የተመኘነውን እኛን ነው።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ካሜራ ተውሰን ሄድን። የኔታ ሦስት ሕፃናትን ከፊታቸው አስቀምጠው ሲያስጠኑ አገኘናቸው። ቁልፉን በተጫንን ጊዜ ካሜራው ቋ ብሎ ጮኸ፤ ፍላሹም ቦግ አለ። የኔታ ደንግጠው ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሕፃናቱ ሳቁ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ፎቶግራፉን ስናየው ፊታቸው እንደ ኖራ ነጥቶ፥ ዓይናቸው ተከድኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ ካሜራ ይዘን ደጃቸውን መርገጥ አፈርን።

ያ ካሜራ ስለ ምን እንዲያ ጮኸ? በሆዱ ውስጥ፥ በሌንሱና በብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ መካከል፥ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስተዋት አለ። መስተዋቱ ከሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ላይ መልሶ ለአንሺው ዓይን ያደርሰዋል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ መጋረጃው ይከፈታል፤ ምስሉም ይቀረጻል። የምንሰማው ድምፅ እንግዲህ የእነዚህ የሁለቱ ነው። መስተዋቱ የሚንቀሳቀስበት ስፍራ ስለሚያስፈልገውም የካሜራው ሆድ ጥልቅ ይሆናል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ካሜራ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነበረ፤ ይኸው ኩባንያ በ2018 ባወጣው መስተዋት የሌለው ካሜራ ግን ርቀቱ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኗል።

መስተዋቱን ማስቀረት የተቻለው ሰሌዳው፥ ማለት ሴንሰሩ፥ የተቀበለውን ምስል ራሱ ወዲያው በትንሽ ስክሪን ላይ ማሳየት ስለ ቻለ ነው። ፓናሶኒክ ሌንሱ የሚቀያየር እንዲህ ያለ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2008 አወጣ፤ ሴንሰሩ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ነበር። በ2013 ደግሞ ሶኒ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሰፊ ሴንሰር ያለ ሌንስ ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ካሜራ ውስጥ አገባው። ይህ ልክ ግን ጥንታዊ ነው፤ ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የፈለሰፈው፥ በ1925 ለሽያጭ የቀረበው ላይካ በፊልም ላይ ይቀርጸው የነበረው የሥዕል ልክ ነውና። በኪስ ከሚያዙት ተራ ካሜራዎች የብዙዎቹ ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ሰፊው ሴንሰር በስፋቱ ሠላሳ እጥፍ ይበልጠዋል። በክረምት ከአሸንዳ ሥር ሳፋና ጣሳ ደቅነን እናውቃለን፤ ከሁለቱ ብዙ ውሃ የሚቀበለው የትኛው እንደ ሆነ ማንም አይስተውም። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሌንሱም በደንብ ከተከፈተለት፥ ሰፊ ሴንሰር ያላት ትንሽ ካሜራ በጨለምለም ባለ ክፍል ያለ ፍላሽ ታነሣለች።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ነበሩ፤ ሥራውንም ልጆቻቸው ወርሰውታል። በዚያን ጊዜ ካሜራው በሦስት እግር ላይ ይቆም ነበር፤ ተነሺውም ምስሉ እንዳይደበዝዝ ሳይነቃነቅ ይቀመጥ ነበር። ዱሮ ጸጥ የሚለው ተነሺው ነበረ፤ ዛሬ ጸጥ ያለችው ካሜራዋ ናት።

ይህን ሁሉ አጥንተን፥ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ 30 ቀን፥ በግንቦት ልደታ ዋዜማ፥ የእኅታችንን ልጅ ትንሽ ካሜራ ተውሰን ወደ የኔታ ሄድን። ውዳሴ ማርያም ያስጠኑ ነበር። ድምፅዋን አጥፍተን ከጥግ ተቀመጥን፤ ዐሥራ አንድ ጊዜም አነሣን። ማንም ቀና አላለም። በአንደኛዋ ፎቶግራፍ የመስኮቱ ብርሃን በግንባራቸው መስመር ሁሉ ገብቶ፥ ከንፈራቸው ቃሉን ሊጀምር ሲል ይታያል። ሠላሳ ዓመት በልባችን ይዘነው የኖርነው ፊት ይኸው ነበር። ደስታችንም ወሰን አጣ።

ነገር ግን ለመውጣት ስንነሣ እግራችን ከበዳ። የኔታ እንደ ተነሡ አያውቁምና። ያ የሚጮኸው መስተዋት አስደንጋጭ ቢሆንም «አነሣሁህ» ብሎ ይናገር ነበር፤ እኛ ግን ዝም ብለን ወሰድን። ተመልሰን ተቀመጥንና ነገርናቸው።

«መቼ?» አሉን።

«አሁን፥ ሲያስጠኑ ነው፥ የኔታ።»

ጥቂት ዝም አሉና፥ «ልጄ፥ ሌባም እኮ ኮቴው አይሰማም። ዕቃው አፍ ባይኖረው አንተ አፍ አለህ» አሉን።

ምን እንመልሳለን? ካሜራዋን አቀረብንላቸው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። በመጨረሻም አንዲቱን መረጡ። በእርስዋ ፊታቸው በከፊል ተጋርዷል፤ ብርሃኑ ያረፈው ፊደል በሚጠቁመው በሕፃኑ ጣት ላይ ነው። «ይህችን አስቀር፤ የቀሩትን አጥፋ» አሉ። ዐሥሩን በፊታቸው አጠፋን። ከዐሥሩ አንዲቱ ያቺ የወደድናት ነበረች።

እንዲህ ያለውን ካሜራ ለመግዛት ለሚያስቡ ቤተሰቦች የምንመክረው ይህን ነው። ካሜራዋ ብታንስም ለሰፊ ሴንሰር የሚሆነው ሌንስ ብዙ ጊዜ ትልቅና ውድ ስለ ሆነ ሁለቱን አብራችሁ መዝኑ። ስክሪኗ ዘወትር ስለሚሠራ ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል። ድምፅ በሌለው አነሣስ በአንዳንድ የኤሌክትሪክ መብራት ሥር በፎቶግራፉ ላይ መስመር ይጋደማል፤ የሚሮጥ ነገርም ጠምሞ ይወጣል። ከሁሉ በፊት ግን፥ እርስዋ ዝም ብትል እናንተ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ያቺን አንዲት ፎቶግራፍ አሳትመን ወሰድንላቸው። ዛሬ ከመስኮቱ ትይዩ፥ በግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ሕፃኑም ለማጥናት በመጣ ቍጥር አስቀድሞ ጣቱን ያያል።