እናቴ ያልገባችበት የሙዚቃ ቤት

ለመሆኑ የሙዚቀኛ ሚስት ባሏ በሕዝብ ፊት ሲጫወት አንድ ቀን እንኳ ሳታይ ዕድሜ ልኳን አብራው ልትኖር ትችላለች? እናቴ ኖራለች።

አባቴ ትራምፔት ተጫዋች ነበር። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ከአንዱ ባንድ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሠርቷል። የሰዓት እላፊው አዋጅ በጸናባቸው ዓመታት ሆቴሉ በሩን ከዘጋ በኋላ ከውስጥ የቀረው እንግዳ እስኪነጋ አይወጣምና ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያድር ነበር። አባቴ ሲመሽ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይወጣል፤ ሲነጋ ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። ያንን ሸሚዝ የምታጥበውም የምትተኩሰውም እናቴ ነበረች። ሆኖም ሸሚዙ የሚሄድበትን ቦታ አታውቀውም። «የሆቴል ሙዚቃ ለባለትዳር ሴት አይሆንም» ይባል ስለነበር እሷም ልሂድ አላለችም፤ እሱም ነይ አላላትም። እኔ የተወለድኩት በዚያ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ይህን ሁሉ ከእናቴ አፍ እየሰማሁ አድጌአለሁ። አባቴ በ2010 ዓ.ም. ዐረፈ። ትራምፔቱ እስከ ዛሬ በሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ከቁም ሣጥኑ በላይ ተቀምጧል።

አባቴ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ወሬ ነበረው። ታላቁ የአሜሪካ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ሙዚቃውን ባሰማበት ጊዜ እሱ ገና ወጣት ነበር። «ጃዝን ለማወቅ አገሩ ሄዶ መስማት ነው» ይል ነበር። እሱ ሳይሄድ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ለሁለት ሳምንት የሥራ ልምምድ ወደ ኒው ዮርክ የመሄድ ዕድል ሲደርሰኝ፣ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ በልቤ የያዝኩት ይህንኑ የአባቴን ምኞት ነበር።

አንዲት ሴት ብቻዋን በማታውቀው ከተማ፣ ያውም በማታ፣ የሙዚቃ ቤት ፍለጋ መውጣቷ ቀላል ነገር አይደለም። ምሽቱ ራሱ ያስፈራል። ከዚያም በላይ የሚያስፈራው ከልጅነት ጀምሮ በጆሮ የገባው ነገር ነው። በሆቴሉ ደረጃ ላይ ቆሜ የእናቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ «የት ልትገቢ ነው?» የምትለኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ከሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ጠይቄ፣ መብራቱ እንደ ቀን ወደሚያበራው ሰፈር ሄድኩና አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ገባሁ። ባንድ ነበረ፤ ግን የሚያዳምጠው ሰው አልነበረም። ሹካና ቢላዋ ይንኳኳል፣ ሰው ይስቃል፣ አስተናጋጆች ከሙዚቀኞቹ ፊት ለፊት ሳህን ተሸክመው ይመላለሳሉ። ሳክስፎን የያዘው ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል። ሲጨርስ ያጨበጨብነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ሒሳቡ ሲመጣ የሁለት ቀን ምሳዬን የሚያህል ከፈልኩና እየተናደድኩ ወጣሁ። የተናደድኩት ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አባቴም ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ለማይሰማው ሰው ሲነፋ አድሮ ይሆን? የሚል ሐሳብ ስላደረብኝ ነው።

መንገዱን ያሳየችኝ በማግሥቱ ክፍሌን ልታጸዳ የመጣች ሴት ናት። የሃርለም ተወላጅ፣ በዕድሜ ገፋ ያለች እናት ነበረች። ያለፈውን ምሽት ብነግራት ሳቀችና፣ «ልጄ፣ ቱሪስቱ የት እንደሚሄድ አትጠይቂ። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ሥራ ሲጨርሱ የሚሄዱበትን ጠይቂ» አለችኝ። ከዚያም ሁለት ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። አንደኛው ለሰኞ ማታ፣ ሁለተኛው ለእሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር።

የሰኞው ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባለው ነው። ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1935 በማክስ ጎርደን የተከፈተ ሲሆን፣ ከምድር በታች ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ቁልቁል በደረጃ ይወረዳል። ቅርጿ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ወንበሮቹ ሁሉ ሙዚቀኞቹ ወዳሉበት ወደ ጠባቡ ጥግ ያመለክታሉ። የምትይዘው 120 ያህል ሰው ብቻ ነው። ምግብ የለም። የመግቢያ ይከፈላል፣ ቢያንስ አንድ መጠጥ መግዛትም ግዴታ ነው፤ ለስላሳም ቢሆን ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሰኞ ማታ የሚጫወተው አሥራ ስድስት ሰዎች ያሉበት ኦርኬስትራ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ስድስቱ በዚያች ጥግ ተጨናንቀው ሲጀምሩ፣ የትራምፔቶቹ ድምፅ ደረቴን መታኝ። ተስፋ ያላደረግሁት ግን ዝምታው ነበር። ያ ሁሉ ሰው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ያዳምጣል።

በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ያንን ቤት ለረጅም ዘመን ያስተዳደረችው ሴት ናት። ሎሬይን ጎርደን ትባላለች። በወጣትነቷ ማንም ሊሰማው የማይፈልገውን ፒያኖ ተጫዋች ቴሎኒየስ ሞንክን እንዲቀጥረው ማክስ ጎርደንን የለመነችው እሷ ነበረች፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ኋላም የማክስ ሚስት ሆነች። እሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሞት ቤቱ ሊዘጋ ነው ሲባል፣ እሷ በሩን ከፍታ ሥራውን ቀጠለች። በ95 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2018 እስከ ዐረፈችበት ጊዜ ድረስም በእሷ ሥር ቆየ። ከዚያ ወዲያ ኃላፊነቱን የተረከበችው ልጅዋ ናት። ይህን ስሰማ «ለባለትዳር ሴት አይሆንም» የሚለውን አባባል አስታውሼ ፈገግ አልኩ።

እግረ መንገዴን፣ በእንግዳ ከተማ ጥሩ ሙዚቃ ለመስማት ለምትሹ እኅቶቼ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ የቤቱን ስም ብቻ ሳይሆን በዚያ ምሽት ማን እንደሚጫወት ጠይቁ፤ በር ላይ የሙዚቀኞቹ ስም ካልተለጠፈ ሙዚቃው ለማጣፈጫ የቀረበ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ቤቶች በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ያጫውታሉ። ብቻዋን ለምትሄድ ሴት የመጀመሪያው ይሻላል፤ ሲያልቅ መንገዱ ገና ሰው አለበት። ሦስተኛ፣ የመመለሻውን መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት እወቁ፣ የት እንደሄዳችሁም ለአንድ ሰው ንገሩ። አራተኛ፣ ከመግቢያው ዋጋ ሌላ ምን እንደሚከፈል በር ላይ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። በመጨረሻም ከሙዚቀኞቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለማዳመጥ የመጣች ሴት መሆንዋ ሲታይ የሚያስቸግራት ሰው እምብዛም የለም።

ሁለተኛው ስም በሃርለም የሚገኝ መኖሪያ ቤት ነበር። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ነገር ግን የሃርለምን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የቤት ኪራይ የከበደው ጥቁር ቤተሰብ፣ እኛ በዕቁብ እንደምንረዳዳው ሁሉ፣ ቤቱን ለግብዣ ይከፍት ነበር። ጎረቤት በር ላይ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ይገባል፤ የቤቲቱ እመቤት ምግብ ትሸጣለች፤ እንደ ፋትስ ዋለር ያሉ ፒያኖ ተጫዋቾች እስኪነጋ ይጫወታሉ፤ በተገኘው ገንዘብ ኪራይ ይከፈላል። በ1940ዎቹም ሜሪ ሉ ዊሊያምስ የምትባለው ዕውቅ ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ በሃርለም የነበራት ቤት የሙዚቀኞች መሰብሰቢያ ነበር። ቴሎኒየስ ሞንክ፣ ዲዚ ጊልስፒና ባድ ፓዌል ከሥራ ሲወጡ እየመጡ በእሷ ፒያኖ ላይ አዳዲስ ሐሳብ ይሞክሩ ነበር። ጃዝ በሌሊት ቤቶች ብቻ አላደገም፤ በሴቶች ሳሎን ውስጥም አድጓል።

በዚያ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የደረስኩበት ቤት የማርጆሪ ኤልየት ነው። ተዋናይትና ፒያኖ ተጫዋች ናት። የምትኖርበት ሕንፃ በአንድ ዘመን ካውንት ቤዚና ፖል ሮብሰን የኖሩበት ነው። ልጅዋ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሞተ፤ ዕለቱም እሑድ ነበር። እናትየዋ ከዚያ ወዲህ እሑድን መቻል ስላቃታት፣ ለልጅዋ መታሰቢያ ሙዚቃ ማሰማት ጀመረች። ኋላም በየእሑዱ የቤትዋን በር ለመጣው ሁሉ፣ በነጻ፣ ትከፍት ነበር።

ሳሎኑ ሞልቶ ተጣጣፊ ወንበሮች በመተላለፊያው እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ተደርድረዋል። ከተለያየ አገር የመጡ እንግዶች አሉ፤ የሰፈሩ አሮጊቶች አሉ፤ በእናታቸው ጉያ የተቀመጡ ሕፃናት አሉ። ማርጆሪ ፒያኖው ላይ ተቀመጠች። በሕይወት ያለው ልጅዋ ሩዴልም ተራውን እየጠበቀ ይጫወታል። በእረፍት ጊዜ ጭማቂና ብስኩት ታደለ። የመጠጥ ሽታ የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚያፍር የለም።

እኔ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። አገሬ ቢሆን ኖሮ ልጅዋ የሞተባት እናት ቤት ሄጄ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ከሴቶቹ ጋር በዝምታ እቀመጥ ነበር። እዚያም ያደረግሁት ከዚህ የተለየ አይደለም። ለቅሶ ደራሹ ግን እንግዳ ሁሉ ነው፤ ሐዘኑም በፒያኖ ይነገራል። ያን ጊዜ አባቴን ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ አለቀስኩለት። አጠገቤ ያለችው አሮጊት ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን ያዘችኝ።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እናቴን አንድ ቀን አብረን ሙዚቃ እንስማ ብዬ ጠየቅኋት። «በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ሦስት ወር ለመንኳት። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ማታ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ከተማችን ውስጥ ወጣቶች የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋሕደው ወደሚጫወቱበት አንድ ሆቴል ወሰድኋት። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያው ኒው ዮርክ ውስጥ በሸክላ ማስቀረጽ የጀመረው የኢትዮ ጃዝ መንገድ ነው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ለስላሳ ታዘዘላት፤ አልነካችውም።

ትራምፔት የያዘው ልጅ ወደ ፊት ወጥቶ ብቻውን ሲጫወት ትኩር ብላ አየችው። የልጁ ጉንጭ ተነፋ፣ አንገቱ ተገታተረ፣ ነጭ ሸሚዙ በላብ ራሰ። ምን እንደምትለኝ ስጠብቅ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሸሚዙን በደንብ አልተኮሱለትም» አለችኝ።

ሳቄን አፍኜ ዝም አልኩ። እስከ መጨረሻው ተቀመጥን። በታክሲ ስንመለስ ለብዙ ጊዜ በመስኮት ውጭውን ስታይ ቆየችና፣ «አባትሽ ጧት ሲመጣ ከንፈሩ አብጦ ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ በለብ ያለ ውኃ እይዝለት ነበር። በምን እንደሚያብጥ ግን ያየሁት ዛሬ ነው» አለች።

ቤት ስንደርስ ነጠላዋን ሳታወልቅ የትራምፔቱን ሣጥን እንዳወርድላት አዘዘችኝ። አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ከፍታም ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። የሚቀጥለው ዓርብ መቼ እንደሆነ የጠየቀችኝ ከዚያ በኋላ ነው።